የትንሽ ቶርኖን ፊድ ወደ ኋላ እንዴት እናስኬደው?

ብዙ ትንንሽ የቤት ቶርኖዎች ፊዳቸው (ቢላውን በራሱ የሚያስኬደው እንቅስቃሴ) በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚሄደው። ስፒንድሉ (ዋናው የሚዞር ዘንግ) ወደ ፊት ሲዞር ካሬጁ (ቢላውን የተሸከመው ተንሸራታች) ወደ ቻኩ (ስፒንድሉ ጫፍ ላይ ሥራውን ወደሚይዘው መንጋጋ) ይመጣል፣ በቃ። ከቻኩ ተነስቶ ወደ ቴይልስቶኩ (በሌላው ጫፍ ወዳለው ድጋፍ) እየሄደ እንዲቆርጥላችሁ ወይም ግራ ፊሌቶ (ወደ ግራ ሲዞር የሚጠብቅ የቡሎን ጥርስ) እንዲያወጣላችሁ ብትፈልጉ ማሽኑ እምቢ ይላል።

መጀመሪያ የሚታሰበው ሞተሩን ገልብጦ ማዞር ነው። እኔም የሞከርኩት እሱን ነበር። ግን ሞተሩ ሲገለበጥ ስፒንድሉም ሊድ ስክሩም (ካሬጁን የሚነዳው ረጅም ባለ ፊሌቶ ዘንግ) አብረው ነው የሚገለበጡት። በሁለቱ መካከል ያለው ግንኙነት ያው ነው፣ ስለዚህ የሚወጣው ፊሌቶም ያው ቀኙ ነው። በዚያ ላይ ቻካችሁ በፊሌቶ የሚታሰር ዓይነት ከሆነ፣ ወደ ኋላ እየዞረ ሲቆርጥ ከስፒንድሉ ላይ ተፈቶ ሊወርድ ይችላል። ይሄ በጣም አደገኛ ነው። የምንፈልገው ስፒንድሉ እንደ ወትሮው ወደ ፊት እየዞረ ሊድ ስክሩ ብቻ በተቃራኒው እንዲዞር ነው።

መፍትሔው ያለው ማርሾቹ ጋ ነው። ሁለት ማርሽ ጥርስ ለጥርስ ሲገናኙ በተቃራኒ ይዞራሉ። መሃላቸው አንድ ማርሽ ብታስገቡ የዳርና የዳር ያሉት ሁለቱ ማርሾች ወደ አንድ አቅጣጫ ይዞራሉ። ሁለት ብታስገቡ እንደገና ተቃራኒ ይሆናሉ። ደስ የሚለው ነገር የመሃሉ ማርሽ የፈለገው ያህል ጥርስ ቢኖረው ፍጥነቱን አይለውጠውም። ከአንዱ የተቀበለውን ጥርስ ለሌላው ያቀብላል እንጂ ከራሱ የሚጨምረው የለም። ስለዚህ የፊሌቶ ሰንጠረዣችሁ እንዳለ ይሠራል።

ቀላሉ መንገድ፣ ማርሾቹ በሚታሰሩበት ስንጥቅ ባለው ክንድ ላይ አንድ ተጨማሪ ማርሽ ማሰር ነው። አንድ ቡሎን፣ አንድ የነሐስ ቡሽ (ማርሹ የሚዞርበት ቀለበት)፣ ሁለት ሮንዴላ፣ አለቀ። ቦታ ካላችሁና በዓመት አንዴ ሁለቴ ብቻ ከሆነ የሚያስፈልጋችሁ እዚሁ ላይ ብትቆሙ ምንም አይቀርባችሁም። ችግሩ አቅጣጫ በቀየራችሁ ቁጥር ክዳን መክፈት፣ ቡሎን መፍታትና ማርሽ ማስተካከል አለ። ደጋግማችሁ የምትጠቀሙበት ከሆነ በማንሻ የሚቀያየር ተወዛዋዥ ላሜራ መሥራት ያዋጣል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከስፒንድሉ ማርሽ በታች ወደ ሊድ ስክሩ የሚወስደው ማርሽ አለ፣ ታችኛው እንበለው። ላሜራው የሚወዛወዘው በዚህ በታችኛው ማርሽ መሃል ላይ ነው። ላሜራው ላይ ሁለት ትንንሽ ማርሾች ይቀመጣሉ፣ እርስ በርሳቸውም ይያያዛሉ። አንደኛው ሁልጊዜ ከታችኛው ጋር ተያይዞ ይኖራል፣ ሁለተኛው ግን ታችኛውን በጭራሽ አይነካም። ላሜራውን ወደ አንድ ጎን ስታዘነብሉ አንደኛው ከስፒንድሉ ማርሽ ጋር ይገናኛል፣ መሃል ላይ አንድ ማርሽ ብቻ አለ ማለት ነው። ወደ ሌላው ጎን ስታዘነብሉ ሁለተኛው ይገናኝና በሁለት ማርሽ ያልፋል። መሃል ላይ ሁለቱም አይነኩም፣ ፊዱ ፍሪ ይሆናል።

አሁን ልኬት። በመጀመሪያ የማርሻችሁን ሞጁል (የጥርሱን ትልቅነት የሚነግር ቁጥር) እወቁ። በጥርሱ ብዛት ላይ 2 ደምሩ፣ የውጭ ዲያሜትሩን ለክታችሁ ለዚያ ድምር አካፍሉት። 40 ጥርስ ያለው ማርሽ ውጩ 42 ሚሜ ከሆነ ሞጁሉ 1 ነው። የምትጨምሩት ማርሽ ሞጁሉም የጥርሱ ማዕዘንም (የጥርሱ ጎን ያዘነበለበት) ከነበሩት ጋር አንድ ዓይነት መሆን አለበት። 20 ዲግሪውን ከ14.5 ዲግሪው ጋር ብትቀላቅሉ ይጮኻል፣ ቶሎም ይበላል። በሁለት ማርሾች መሃል ለመሃል ያለው ርቀት ደግሞ የጥርሶቻቸው ድምር በሞጁሉ ተባዝቶ ለ2 ሲካፈል ነው።

አንድ የሚሠራ ምሳሌ ልስጣችሁ። ሞጁል 1፣ የስፒንድሉም የታችኛውም ማርሽ 40 ጥርስ፣ ሁለቱ ትንንሾች 30 ጥርስ፣ ከስፒንድል መሃል እስከ ታችኛው መሃል 69 ሚሜ ይሁን። ከታችኛው መሃል እስከ አንደኛው 35፣ ከአንደኛው እስከ ሁለተኛው 30፣ ከታችኛው እስከ ሁለተኛው 39 ሚሜ። 39 ያልኩት 35 ቢሆን ሁለተኛውም ታችኛውን ይይዝና ሁሉም ነገር ስለሚቆለፍ ነው። በዚህ ልክ ላሜራው ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው 18 ዲግሪ ገደማ ብቻ ይወዛወዛል።

የእናንተ ማሽን ርቀቱ ሌላ ይሆናል። ስለዚህ ብረት ከመንካታችሁ በፊት በካርቶን ሞክሩት። እያንዳንዱን ማርሽ በውጭ ዲያሜትሩ ልክ ክብ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ መሃሉን በመርፌ ወግታችሁ ሰሌዳ ላይ ትከሉት፣ ሁለቱን ትንንሾች ደግሞ በአንድ የካርቶን ክንድ ላይ አድርጋችሁ አወዛውዙት። የተያያዙት ክቦች 2 ሚሜ ያህል ሊደራረቡ ይገባል። ፍሪ ላይ ግን ሁለቱም የስፒንድሉን ክብ ጫፍ እንኳ መንካት የለባቸውም። የሚነካ ካለ ርቀቱን ወይም የማርሹን መጠን ቀይሩ። ግማሽ ሰዓት የማይሞላ ሥራ ነው፣ ግን ያለሱ ላሜራ አበላሽታችሁ ታውቁታላችሁ።

ለላሜራው 8 ሚሜ ብረት ጥሩ ነው። በሴጌቶ ቁረጡት፣ በሞረድ አስተካክሉት። ቀዳዳዎቹን መጀመሪያ በፑንቶ ምልክት አድርጋችሁ በቀጭን ፑንታ ጀምሩ። የሁለተኛውን ማርሽ ቀዳዳ በትንሹ ሞላላ አድርጉት፣ ሲገጠም ለማስተካከል ይረዳችኋል። ማስተካከያው ወረቀት ነው። አንድ ቁራጭ ተራ ወረቀት በሁለቱ ማርሾች ጥርስ መካከል አስገቡ፣ ጠበቅ አድርጋችሁ ግፉ፣ ቡሎኑን እሰሩ፣ ከዚያ ማርሹን በእጅ አዙራችሁ ወረቀቱን አውጡት። እጥፋት በእጥፋት ሆኖ ሳይቀደድ ከወጣ ልኩ ነው። ከተቀደደ ጠብቋል።

ማንሻው በሦስቱም ቦታ መቆለፍ አለበት። በሞላ የሚገፋ ፒንና ሦስት ቀዳዳ ይበቃል። ይሄን አትዝለሉት። እንደ አዟዟሩ የጥርሱ ጉልበት ላሜራውን ወይ ወደ ውስጥ ይጎትተዋል ወይ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ካልተቆለፈ ወይ ይጣበቃል ወይ እየዘለለ ጥርሱን ይበላዋል።

ሁሉም ሲገጠም ሶኬቱን ንቀሉ። ማጥፋት ብቻውን አይበቃም። ቻኩን በእጃችሁ በሦስቱም ቦታ አዙሩና ካሬጁ ወዴት እንደሚሄድ እዩ። የሚከብድ ቦታ ካለ ጥርሶቹ መሃል ብናኝ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ትንሽ ግራሶ ቀቡ፣ ክዳኑን መልሱ፣ በዝቅተኛ ፍጥነት አስነሱት። ማንሻውን ማሽኑ እየዞረ በጭራሽ አትቀይሩ።

ብዙ ሰው የሚረሳው አንድ ነገር አለ፣ እኔንም ሁለት ቀን አድክሞኛል። የመጀመሪያውን ቁርጥ ወደ ቴይልስቶክ ስሞክር ቢላው መጀመሪያ ቆም ብሎ ከዚያ በድንገት ይነሳ ነበር። ማርሾቹን ፈትቼ ገጠምኩ፣ ምንም ለውጥ የለም። ለካ ሊድ ስክሩ ራሱ ወደ ጎን ይንሸራተት ነበር። ካሬጁ ሁልጊዜ ወደ ቻኩ ሲሄድ ሊድ ስክሩ የሚደገፈው በአንድ በኩል ነው። አቅጣጫው ሲገለበጥ ግፊቱም ይገለበጣል፣ ያኛው ጎን ደግሞ ክፍተት ነበረው። የሊድ ስክሩን ጫፍ ይዛችሁ ወደ ጎን ገፋ ጎተት አድርጉት። ከተንቀሳቀሰ የጫፉን ዳዶ አጥብቁ ወይም ሮንዴላ ጨምሩ፣ በእጅ ሲዞር ግን እንዳይከብድ።

ቢላውም መቀየር አለበት። ወደ ቴይልስቶክ ሲሄድ የሚቆርጠው የቀኝ ጎኑ ስለሆነ በዚያ በኩል መሳል አለበት። ለግራ ፊሌቶ ደግሞ መጀመሪያ ቻኩ አጠገብ ቢላው የሚገባበት ቦይ ቁረጡ። ቢላው ከቦዩ ይነሳል፣ ወደ ውጭ ይወጣል፣ የሥራው ትከሻ ላይ ይጋጫል ብላችሁ አትሰጉም። ለመመለስ ቢላውን ወደ ራሳችሁ ሳቡትና ሞተሩን ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ አዙሩት። በፊሌቶ ለሚታሰር ቻክ በእጅ ማዞሩ ይሻላል። ሥራው እስኪያልቅ ግማሽ ዳዶውንም (ካሬጁን ከሊድ ስክሩ ጋር የሚያያይዘውን) አዲሱን ማንሻችሁንም አትንኩ። ማንሻው አንዴ ከተነሳ ማርሹ ሲመለስ በሌላ ጥርስ ላይ ሊገባ ይችላል፣ ያኔ ቢላው የቀድሞውን መስመር ስቶ የጀመራችሁትን ፊሌቶ ይቆርጠዋል።

ቴይልስቶኩንም ራቅ አድርጉት። ዓይናችሁ ቻኩ ላይ መጠበቅ ለምዷል፣ አሁን ግን ካሬጁ የሚጋጨው በሌላው በኩል ነው።