ልግስናን ከልብ ውጥን ጀምሮ መለማመድ

በቡድሂዝም ትምህርት መሠረት ልግስናን ለመለማመድ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ሊያስተካክለው የሚገባው ስለ ካማ ያለውን ግንዛቤ ነው። በሳንስክሪት ካርማ፣ የጥንት የቡድሂዝም መጻሕፍት በተጻፉበት በፓሊ ቋንቋ ካማ የሚባለው ቃል ትርጉሙ «ሥራ» ማለት ሲሆን፣ ብዙዎች እንደሚያስቡት አስቀድሞ የተጻፈ ዕጣ ፈንታ አይደለም። ቡድሃ አንጉታራ ኒካያ በተባለው የትምህርቶቹ ስብስብ ውስጥ፣ ካማ የሚለው የልብን ውጥን እንደሆነ፣ ሰውም በአካል፣ በቃልና በሐሳብ የሚሠራው ወጥኖ እንደሆነ ያስተምራል። ስለዚህ ሁለት ሰዎች እኩል ገንዘብ ቢሰጡ፣ አንደኛው ግን ሊመሰገን፣ ሌላው የተቸገረውን ሊያሳርፍ ብሎ ከሆነ የሰጠው፣ ለተመልካች አንድ የሚመስለው ሥራ ሁለት የተለያየ ሥራ ነው።

በፓሊ «ዳና» የሚባለውን መስጠት ሲጀምሩ ከትንሽ ነገር ይነሡ። ስስት በአንድ ቀን ትልቅ ስጦታ አይነቀልም፤ በየዕለቱ ምግብን ማካፈል፣ ሸክም ማገዝ ወይም ለተጨነቀ ሰው ሳይቸኩሉ ጆሮ መስጠት ልብን ቀስ በቀስ ያላላዋል። ኢቲቩታካ በተባለው የቡድሃ ንግግሮች መጽሐፍ እንደተነገረው፣ ሰዎች የማካፈልን ፍሬ ቡድሃ እንደሚያውቀው ቢያውቁ ኖሮ፣ ተቀባይ እስካለ ድረስ የመጨረሻ ጉርሻቸውን እንኳ ሳያካፍሉ አይበሉም ነበር። የሚሰጡት ነገር ሊጥሉት ያሰቡት አይሁን፤ ከተቻለም በራስዎ እጅና በአክብሮት ይስጡት።

ልምምዱ የሚጠይቀው ትኩረት በሦስት ጊዜያት ላይ ያርፋል። ከመስጠትዎ በፊት ልብዎ ደስ ይበለው፣ በሚሰጡበት ሰዓት ይረጋጋ፣ ከሰጡም በኋላ ይርካ። ከሦስቱ የሚከብደው በእኔ ግምት የመጨረሻው ነው። እኔ ራሴ ለአንድ ወዳጄ በደስታ የሰጠሁትን ነገር፣ ምስጋናው ስለዘገየብኝ ብቻ ለብዙ ቀናት በልቤ ሳሰላው ቆይቻለሁ፤ ስጦታው ከእጄ ወጥቶ ነበር፣ ልቤ ግን ገና አልለቀቀውም ነበር። እንዲህ ያለ ስሌት ሲነሣብዎ አይደንግጡ፣ ራስዎንም አይውቀሱ፤ ስሌቱን ስሌት ብለው ከለዩት በኋላ፣ ሲሰጡ የነበረዎትን ሐሳብ መልሰው ያስታውሱ።

ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ወሰን ይጠብቁ። የደግ ሰው ስጦታ ራስንም ሌላውንም ሳይጎዳ የሚሰጥ እንደሆነ በግልጽ ተነግሯል፤ ቤተሰብን ለችግር የሚዳርግ ልግስና እንዲህ ያለ ስጦታ ሊሆን አይችልም። በእጁ ምንም የሌለው ሰውም ከዚህ ልምምድ አይቀርም። አምስቱ ምግባራት፣ ማለትም ነፍስ ካለማጥፋት፣ ካለመስረቅ፣ ካለማመንዘር፣ ካለመዋሸትና ከሚያሰክር ነገር ከመራቅ የሚመጣው ጥንቃቄ «ታላላቅ ስጦታዎች» ተብለዋል፤ የሚጠብቃቸው ሰው ለሌሎች ያለ ፍርሃት መኖርን ይሰጣቸዋልና።

መስጠት ብቻውን ረጅም መንገድ አይሄድም፤ የሚያጸናው ወዳጅ ይሻል። የቡድሃ ደቀ መዝሙር አናንዳ መልካም ወዳጅነት የመንፈሳዊው ሕይወት እኩሌታ ነው ባለ ጊዜ፣ ቡድሃ እንዲህ እንዳይል ከልክሎት፣ ወዳጅነት ሙሉው ሕይወት እንደሆነ ነግሮታል። እንዲህ ያለው ወዳጅ በፓሊ ካልያናሚታ ይባላል። እንዴት እንደሚለይ ለማወቅ፣ ቡድሃ በራጃጋሃ ከተማ ሲጋላ ለተባለ ወጣት የሰጠውን ምክር መመልከት ይጠቅማል፤ እውነተኛ ወዳጅ የሚረዳ፣ በደስታም በመከራም የማይለወጥ፣ የሚበጀውን የሚመክርና የሚራራ ነው። ወዳጅ መስሎ የሚቀርበው ግን ሁልጊዜ የሚወስድ፣ በቃል ብቻ የሚለግስ፣ የሚያሞካሽ ወይም ወደ ጥፋት አብሮ የሚሄድ ነው። ወዳጆችዎን በዚህ ከመመዘንዎ በፊት ራስዎን ይመዝኑ፦ ምስጢር እጠብቃለሁን? ችግር ሲመጣ እሸሻለሁን? ስህተትን አይቼ ለማስደሰት ስል ዝም እላለሁን?

ዝምታን መስበር ሲያስፈልግ ንግግርዎ አምስት ነገሮችን ያሟላ፦ ጊዜውን የጠበቀ፣ እውነት፣ ለስላሳ፣ ጥቅም ያለውና በፍቅር የተነገረ ይሁን። ከአምስቱ ጊዜውን መጠበቅ ቀላል መስሎ ይታያል፤ ይሁን እንጂ የተቆጣን ሰው የዚያኑ ሰዓት መገሠጽ ብዙ እውነተኛ ምክር ከንቱ ያደርጋል።

ወዳጅ ሲታመም ወይም ሲከስር «ካማው ነው» ብሎ መፍረድ ፈጽሞ አይገባም። ሲቫካ የተባለ መናኝ፣ ሰው የሚሰማው ደስታም ሕመምም ሁሉ ከቀድሞ ሥራው የመጣ ነውን ብሎ በጠየቀ ጊዜ፣ ቡድሃ ይህን አስተሳሰብ ውድቅ አድርጎ፣ የሰውነት መታወክን፣ የወቅት መለዋወጥንና ድንገተኛ ጥቃትን ጨምሮ ስምንት ምክንያቶችን ዘርዝሯል፤ የካማ ፍሬ ከእነዚህ አንዱ ብቻ ነው። የታመመ ወዳጅ የሚፈልገው አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው እንጂ የሕመሙን ምንጭ የሚመረምር ዳኛ አይደለም።

የራስዎን ሥራ ግን በየዕለቱ ይመርምሩ። ቡድሃ ለልጁ ለራሁላ፣ መስታወት ለማየት እንደተሠራ ሁሉ ሥራም ከመሠራቱ በፊት፣ በሚሠራበት ጊዜና ከተሠራ በኋላ ለራስ ወይም ለሌላው ጉዳት ያመጣ እንደሆነ መታየት እንዳለበት አስተምሮታል። ማታ ማታ ከዕለቱ አንድ ስጦታና አንድ ንግግር መርጠው በዚህ መንገድ ይመልከቱ። በቃል ወይም በአካል የሠሩት ነገር ጎድቶ ካገኙት በልብዎ አይሰውሩት፤ ለአስተማሪ ወይም ለአስተዋይ ባልንጀራ ይግለጡት፣ ለወደፊቱም እንዳይደግሙት ከእርሱ ጋር ይማከሩ።