«አርኤምሞድ» ስትሉ ማሽኑ የሚወድቅባችሁ ከሆነ

የሊኑክስ ከርነል ሞጁላችሁ (የሲስተሙ እምብርት በሆነው ከርነል ላይ የሚጫንና «አርኤምሞድ» በሚለው ትዕዛዝ የሚወርድ ኮድ) ሲጫን ደህና፣ ሲሠራም ደህና ሆኖ ሲወርድ ግን አንዳንዴ ማሽኑን ቀጥ የሚያደርግ ከሆነ፣ ሌላውን ኮድ ተዉትና በቀጥታ ሲወርድ የሚጠራውን የመውጫ ፈንክሽን ክፈቱ። ጅማ ሄርማታ አካባቢ ኤሌክትሮኒክስ እየጠገንኩ ጎን ለጎን የሊኑክስ ድራይቨር እጽፋለሁ። ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ የመመረቂያ ፕሮጀክት ይዘው የሚመጡ ልጆች ከሚያሳዩኝ ስህተት ሁሉ የሚበዛው ይሄ ነው።

በቅርቡ ያየሁትን አንድ ሞጁል ይዘን እንሂድ። ሥራው የቡና መጋዘን እርጥበት መከታተል ነው፤ የጅማን ዝናብ ለሚያውቅ ይሄ የቅንጦት ነገር አይደለም። ራስፕቤሪ ፓይ 4 በምትባለው ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ኤስኤችቲ31 የእርጥበት ሴንሰር ተሰክቷል። ታይመር በየሰከንዱ ይነሳል። ሴንሰሩን በአይቱሲ (የሁለት ሽቦ መገናኛ) ማንበብ ግን መጠበቅ ያለበት ሥራ ነው፤ ታይመር ኮልባክ (ጊዜው ሲደርስ ከርነሉ የሚጠራው ፈንክሽን) ውስጥ ደግሞ መተኛት፣ ማለትም ቆሞ መጠበቅ፣ ክልክል ነው። ስለዚህ ታይመሩ ንባቡን ለወርክ ኪው (መተኛት ለሚፈቀድለት የሥራ ወረፋ) ያስተላልፋል፤ ወርኩ አንብቦ ሲጨርስ ታይመሩን መልሶ ይሞላዋል። የመጋዘኑ በር ሲከፈት ኢንተራፕት (የሃርድዌር ጥሪ) ይመጣና ያንኑ ወርክ ይቀሰቅሳል። የተነበቡት ቁጥሮች አርሲዩ (አንባቢዎች ያለ ሎክ እንዲያነቡ የሚያደርግ የከርነል ዘዴ) በሚጠብቀው ሊስት ውስጥ ይገባሉ፤ ያረጁት በ«ኮል አርሲዩ» («አንባቢዎች ሲወጡ ይሄን ፈንክሽን ጥራ» በሚለው) ይለቀቃሉ።

እነዚህ ሁሉ የሚሠሩት የሞጁሉን ፈንክሽን አድራሻ ለከርነሉ ሰጥቶ «ጊዜው ሲደርስ ጥራኝ» በማለት ነው። «አርኤምሞድ» ሲባል ከርነሉ የሞጁሉን ሪፈረንስ ቆጠራ ያያል፤ ዜሮ ከሆነ የመውጫ ፈንክሽኑን ይጠራል፤ እሱ ሲመለስ ኮዱ የነበረበትን ሜሞሪ ያስለቅቃል። የተሰጠው አድራሻ ግን ወረፋ ላይ ካለ ማንም አይሰርዘውም። ጎረቤቱን ሁሉ ለቡና ጠርቶ በር ቆልፎ እንደመሄድ ነው። ሲፒዩው ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣል፤ ቤቱ ግን የለም።

ብዙዎች ሪፈረንስ ቆጠራው ያድነናል ብለው ያስባሉ። የሚያድነው የተከፈተ ፋይል ሲኖር ነው፤ የፋይል ኦፕሬሽኑ ባለቤት ሞጁሉ ተብሎ ከተሞላ ፋይሉ እስኪዘጋ ሞጁሉ አይወርድም። ታይመርና አርሲዩ ግን በዚያ ቆጠራ ውስጥ አይገቡም። ሞጁሉ ራሱ «ትራይ ሞጁል ጌት» ብሎ ራሱን እንዲይዝ ማድረግም መፍትሔ አይደለም፤ ያ መስመር እስኪደርስ ኮዱ ራሱ ሄዶ ሊሆን ይችላል።

ምልክቱን መለየት ቀላል ነው። ከርነሉ ሲሳሳት በሚጽፈው የኡፕስ መልዕክት ላይ ፔጅ ፎልት ይላል፤ ሲፒዩው የነበረበት ቦታ የፈንክሽን ስም ሳይሆን ባዶ ቁጥር ሆኖ ይታያል፤ ከሞጁሎቹ ዝርዝር መጨረሻ «ላስት አንሎዲድ» (መጨረሻ የወረደው) ከሚለው ቀጥሎ የእናንተ ሞጁል ስም አለ። ሦስቱን አንድ ላይ ካያችሁ ሌላ ቦታ አትድከሙ።

መጀመሪያ ኮዱን ከላይ እስከ ታች አንብቡና ለከርነሉ የሰጣችሁትን እያንዳንዱን የፈንክሽን አድራሻ ወረቀት ላይ ጻፉ። ታይመሩንና ኢንተራፕቱን ሁሉም ያስታውሳል። የሚረሳው ኖቲፋየሩ (አንድ ክስተት ሲኖር የሚጠራው)፣ ትሬስፖይንቱ ላይ የተሰካው መከታተያና የኮብጀክቱ (ከርነሉ የሚቆጥረው ኦብጀክት) ሪሊዝ ፈንክሽን ነው። ከዚያ በእያንዳንዱ መስመር ፊት ሁለት ነገር ጻፉ፦ አዲስ እንዳይመጣ የሚያቆመው ምንድን ነው? የተጀመረው እስኪያልቅ የሚጠብቀውስ? አብዛኛው ኮድ የመጀመሪያውን ብቻ ሠርቶ ሁለተኛውን የሠራ ይመስለዋል።

ታይመርን ውሰዱ። «ታይመር ዴሊት» ወረፋ ላይ ያለውን ያነሳል እንጂ ሌላ ኮር ላይ እየሮጠ ያለውን አይጠብቅም። የሚጠብቀው መጨረሻው ላይ «ሲንክ» ያለበት ነው። የድሮው ስም «ዴል ታይመር ሲንክ» ከከርነል 6.15 ጀምሮ ስለወጣ፣ አሮጌ መማሪያ እያያችሁ ከሆነ «ታይመር ዴሊት ሲንክ» ብላችሁ ጻፉት። በእኛ ምሳሌ ግን ይሄም አይበቃም፤ ታይመሩን አጥፍታችሁ ሳትጨርሱ ወርኩ መልሶ ይሞላዋል። ወርኩን ቀድማችሁ ብትሰርዙም ታይመሩ መልሶ ይቀሰቅሰዋል። ለዚህ ነው ከርነል 6.2 ላይ «ታይመር ሻትዳውን ሲንክ» የመጣው፦ እየሮጠ ያለውን ይጠብቃል፤ ከዚያ በኋላ ማንም ልሙላው ቢል ጥያቄው ዝም ተብሎ ይጣላል። እሱን አስቀድሙና «ካንስል ወርክ ሲንክ» አስከትሉ። ከርነላችሁ ከዚያ ያረጀ ከሆነ ታይመሩም ወርኩም የሚያዩት የመዝጊያ ምልክት አድርጉ፤ ምልክቱን አብሩ፣ ታይመሩን በሲንክ አጥፉ፣ ወርኩን ሰርዙ፣ ታይመሩን እንደገና በሲንክ አጥፉ። አያምርም፤ ግን ይሠራል።

ኢንተራፕቱን የሚለቀው «ፍሪ አይአርኪው» በራሱ ይጠብቃል፤ ሃንድለሩ (ኢንተራፕቱ ሲመጣ የሚጠራው ፈንክሽን) በየትኛውም ኮር ላይ ሳይጨርስ አይመለስም። ወጥመዱ ያለው ኢንተራፕቱን በ«ዴቭኤም» (የያዛችሁትን በራሱ በሚለቅላችሁ የከርነል አሠራር) ስትጠይቁ ነው። «ዴቭኤም» የያዘውን የሚለቀው ሪሙቭ ፈንክሽናችሁ (ድራይቨሩ ከዕቃው ሲለያይ የሚጠራው) ከተመለሰ በኋላ ነው። እናንተ ሪሙቭ ውስጥ ወርኩን ሰርዛችሁ ስትወጡ ኢንተራፕቱ ገና በሕይወት አለ፤ በዚያች ቅጽበት አንድ ሰው የመጋዘኑን በር ከከፈተ ወርኩ እንደገና ወረፋ ይገባል። ወይ ኢንተራፕቱን በእጃችሁ ቀድማችሁ ልቀቁ፣ ወይ የወርኩን መሰረዝም በ«ዴቭኤም» ከኢንተራፕቱ በፊት አስመዝግቡ። አለቃቀቁ የኋላውን ስለሚያስቀድም ቅደም ተከተሉ በራሱ ይስተካከላል።

አርሲዩ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። አንድ ተማሪ «ጋሼ፣ ሲንክሮናይዝ አርሲዩ አድርጌያለሁ እኮ» አለኝ። አድርጓል። ግን ያ ጥሪ የሚጠብቀው አንባቢዎችን ነው፤ የቀድሞ አንባቢዎች ከወጡ ይመለሳል። በ«ኮል አርሲዩ» የተሰጡት ኮልባኮች ግን የሚጠሩት ከዚያ በኋላ ነው፤ የጥበቃው ጊዜ አልቆም በየኮሩ ወረፋ ላይ ተደርድረው ሊቆዩ ይችላሉ። እነሱን የሚጠብቀው «አርሲዩ ባሪየር» ነው። ኮልባክ ባለበት ኮር ወረፋ ጫፍ ላይ የራሱን ኮልባክ ያስገባና ሁሉም እስኪጠሩ ይቆያል። በተቃራኒው፣ ወረፋው ባዶ ከሆነ ባሪየሩ ወዲያው ሊመለስ ስለሚችል አንባቢ ለመጠበቅ አትመኩበት። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። ባሪየሩን ከመጥራታችሁ በፊት ደግሞ አዲስ «ኮል አርሲዩ» የሚያደርግ ማንም አለመቅረቱን አረጋግጡ። ኤስአርሲዩ (አንባቢው መተኛት የሚችልበት አርሲዩ) ከተጠቀማችሁ የራሱ ባሪየር አለው።

ኮልባኩ ሜሞሪ ከመልቀቅ ሌላ ምንም የማይሠራ ከሆነ «ኬፍሪ አርሲዩ» ይሻላል፤ የሚለቀው ኮድ ከርነሉ ውስጥ ስለሆነ የእናንተ መውረድ አይነካውም። የልጁም ኮልባክ እንደዚያ ነበር፤ ስድስት መስመር አጥፍተን አንድ ጻፍን።

እንግዲህ የመጋዘኑ ሞጁል አወራረድ እንዲህ ይሆናል፦ ተጠቃሚ የሚገባበት ፋይል ይነሳል፤ ኢንተራፕቱ ይለቀቃል፤ ታይመሩ በሻትዳውን ይዘጋል፤ ወርኩ በሲንክ ይሰረዛል፤ ሊስቱ ውስጥ የቀረው ይለቀቃል፤ «ኮል አርሲዩ» ካለ ባሪየር ይጠራል፤ የራሳችሁ ስላብ ካሽ (የሜሞሪ ማከማቻ) ካለ ከባሪየሩ በኋላ ይፈርሳል። ኢኒት (ሞጁሉ ሲጫን የሚጠራው ፈንክሽን) መሃል ላይ ሲከሽፍ የመውጫ ፈንክሽኑ ስለማይጠራ፣ እስከዚያ የተከፈተውን በዚሁ ሥርዓት ራሱ ኢኒት ይዝጋ።

«ሲንክ» የሚሉትን ፈንክሽኖች ስትጠሩ ኮልባኩ የሚፈልገውን ሎክ አትያዙ። እናንተ ኮልባኩን፣ ኮልባኩ ሎኩን ይጠብቃል፤ ሁለታችሁም እዚያው ትቀራላችሁ። «ፕሩቭ ሎኪንግ» የሚለውን የከርነል ኮንፊግ ካበራችሁ የሎክ ስህተት ፈላጊው ሎክዴፕ ብዙውን ጊዜ ገና ሳትጣበቁ ይነግራችኋል።

ሙከራውን ቦርዱ ላይ አትጀምሩ። ኪዩኢሚዩ (ኮምፒውተር አስመሳይ ፕሮግራም) ላይ አራት ኮር ስጡ፤ ኬሳንን (የሜሞሪ ስህተት ፈላጊ) እና የታይመር ዲበግ ኦብጀክቶችን አብሩ። «ዲበግ ኮብጀክት ሪሊዝ» የሚለውንም ጨምሩ፤ ሪሊዙን ሆን ብሎ በጥቂት ሰከንድ ስለሚያዘገይ የተደበቀውን ያወጣዋል። ከዚያ ኮልባኩ ውስጥ ራሱ መዘግየት ክተቱ፦ ወርክ ውስጥ «ኤምስሊፕ» (ተኝቶ የሚጠብቅ)፣ ታይመርና አርሲዩ ውስጥ «ኤምዲሌይ» (ሳይተኛ የሚጠብቅ)። በወር አንዴ ይታይ የነበረው ስህተት በደቂቃ ውስጥ ይመጣል። መጫንና ማውረዱን በስክሪፕት አዙሩት፤ የሲሪያል ኮንሶሉን ወደ ፋይል ጻፉ። የእኛን መብራት ታውቁታላችሁ፤ ስክሪኑ ላይ ብቻ የቀረ ኡፕስ አብሮ ይጠፋል።

ይሄን ሁሉ አድርጋችሁ አሁንም ካላመናችሁት የመውጫ ፈንክሽኑን ጭራሽ አታስመዝግቡ። ኢኒት ያለው፣ መውጫ የሌለው ሞጁል «አርኤምሞድ» ሲባል ከርነሉ ሥራ ላይ ነው ብሎ ይመልሰዋል። በ«ማይነስ ኤፍ» ለማስገደድም ከርነሉ ሲገነባ ያ ፈቃድ የተሰጠው መሆን አለበት። መጋዘን ውስጥ ተሰቅሎ መብራት ሲመጣ የሚነሳ፣ ሲሄድ የሚጠፋ ሣጥን ላይ ሞጁል የሚያወርድ ሰው የለም፤ ለዚያ ደንበኛ እኔም ያለ መውጫ ነው የማስረክበው።