የኮሌራ ወረርሽኝ ሲነሣ በእርዳታ ሥራ ላይ መወገድ ያለባቸው ስህተቶች

ኮሌራ ፋታ አይሰጥም። በጽኑ የታመመ ሰው በሰዓት እስከ አንድ ሊትር ፈሳሽ ሊያጣ ስለሚችል፣ ጠዋት ጤነኛ የነበረ ጎልማሳ ሳይመሽ ሊሞት ይችላል። ፈሳሹ በጊዜ ከተተካለት ግን ከመቶ ታማሚ አንዱ እንኳ መሞት የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1971 በባንግላዴሽ ጦርነት ወቅት ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ በሕንድ ድንበር ባለ የስደተኞች መጠለያ ይሠሩ ነበር። በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ሲያልቅባቸው ጨው፣ ግሉኮስና ሶዳ በውሃ አስበጥብጠው የታማሚ ቤተሰቦች ራሳቸው እየቀዱ እንዲያጠጡ አደረጉ። ከመቶ ወደ 30 ደርሶ የነበረው ሞት ከ4 በታች ወረደ። ከ23 ዓመት በኋላ በጎማ የሩዋንዳ ስደተኞች መጠለያዎች የዓለም እርዳታ ሁሉ ተረባርቦ ሳለ በመጀመሪያው ወር 50,000 ያህል ሰው አለቀ፤ አብዛኛውን የገደሉት ኮሌራና የደም ተቅማጥ ናቸው። የሕክምና ጣቢያዎቹ ለምን ሰው ማዳን እንዳቃታቸው ያጠኑ ባለሙያዎች ያገኙት ምክንያት ፈሳሹ በዝግታ መሰጠቱ፣ ኦአርኤስ (በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣው የጨውና የስኳር ዱቄት) በበቂ አለመጠጣቱ፣ የተሳሳተ ፈሳሽ መሰቀሉና የሠራተኞቹ ልምድ ማነስ ነው።

ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች ሁሉ በአንድ ነገር ይለካሉ፦ ታማሚው በቂ ፈሳሽ እስኪያገኝ ስንት ሰዓት አስፈጁ?

የላቦራቶሪ ውጤት እስኪመጣ እጅ አጣጥፎ መጠበቅ

የሩዝ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ያለበትና ሰውነቱ የደረቀ ታማሚ፣ በተለይ አዋቂ ሰው፣ ከታየ ሥራው በዚያው ቀን ይጀመራል። የሰገራ ናሙናው በኬሪ ብሌር (ናሙና ሳይበላሽ በሚያቆይ ማጓጓዣ) ተነክሮ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል። ማቀዝቀዣ አያስፈልገውም፤ በተራ የአየር ሙቀት መጓዝ ይችላል። ፈጣኑ መመርመሪያ ወረርሽኝ ለመጠርጠር እንጂ የአንድን ታማሚ ሕክምና ለመወሰን አይሆንም። ወረርሽኙ አንዴ ከተረጋገጠ በኋላ ደግሞ እያንዳንዱን ታማሚ መመርመር ጊዜና ገንዘብ ማባከን ነው፤ በየጊዜው ጥቂት ናሙና መላክ ይበቃል።

አንድ ትልቅ ማዕከል አቋቁሞ ሕዝቡን መጠበቅ

ነጭ ድንኳንና መቶ አልጋ ለጎብኚ ዓይን ይሞላል። ነገር ግን ሁለት ሰዓት በቃሬዛ የሚመጣ ታማሚ ሲደርስ የደም ግፊቱ ወድቆ፣ ደም ሥሩ ጠፍቶ ነው። ስለዚህ ከማዕከሉ በፊት ወይም ቢያንስ አብረው በየቀበሌው ትናንሽ የኦአርኤስ ማጠጫ ጣቢያዎች መከፈት አለባቸው። አንድ ጣቢያ ብዙ ነገር አይፈልግም፦ ጥላ፣ ጠረጴዛ፣ ሁለት ባለቧንቧ ባልዲ (አንዱ ለመጠጥ፣ አንዱ ለእጅ መታጠቢያ)፣ መጠኑ የታወቀ የአንድ ሊትር መስፈሪያ፣ ኩባያ፣ የኦአርኤስ ከረጢት፣ ክሎሪን፣ መዝገብና ሁለት የሠለጠኑ ሰዎች። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ባለችበት ቦታ እሷ ትምራው። ጽኑ ታማሚ ሲመጣ የሚጠራው መኪና ወይም ባጃጅ ከነሹፌሩ ስልክ ቁጥር ግድግዳው ላይ ይለጠፍ። ታማሚው በመንገድ ላይም መጠጣቱን እንዳያቋርጥ በጠርሙስ ተበጥብጦ ይሰጠው።

ኦአርኤሱን በግምት መበጥበጥ

ሕይወት አድን ንጥረ ነገር የምንለው ከረጢት የተዘጋጀው ለአንድ ሊትር ውሃ ነው። ውስጡ 13.5 ግራም ግሉኮስ፣ 2.6 ግራም ጨው፣ 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድና 2.9 ግራም ሲትሬት አለ፤ በድምሩ 20.5 ግራም። ስህተቱ የሚጀምረው ከዕቃው ነው። ቤት ውስጥ የሚገኘው ባዶ ሃይላንድ ግማሽ ሊትር፣ አንድ ሊትር ወይም ሁለት ሊትር ሊሆን ይችላል። እናት ከረጢቱን በግማሽ ሊትር ብትበጠብጠው ጨውና ስኳሩ ይወፍርና ተቅማጡን ያብሳል፤ በሕፃን ደም ውስጥ ያለውን ጨው ወደ አደገኛ መጠን ሊያደርሰውም ይችላል። በሁለት ሊትር ከበጠበጠችው ደግሞ ሰውነት ያጣውን ጨው አያገኝም። «በአንድ ሊትር በጥብጪው» ብሎ ማሰናበት አይበቃም፤ እቤቷ ያለውን ዕቃ አስመጥቶ የአንድ ሊትሩን ልክ በቀለም ወይም በሚስማር ጭረት ምልክት ማድረግ ያስፈልጋል።

ከረጢቱን ከፍሎ ግማሹን መበጥበጥ፣ ስኳር መጨመር፣ በለስላሳ መበጥበጥ፣ ከተበጠበጠ በኋላ ማፍላት፣ እነዚህ ሁሉ ይቅሩ። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋል። ከረጢት ጨርሶ ከጠፋ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይገባል፤ ማንኪያው በቢላ ጀርባ ይጠረግ እንጂ አይቆለል።

መጠኑም በግምት አይሆንም። መጠነኛ ድርቀት ላለበት ሰው በአራት ሰዓት ውስጥ በክብደቱ ለእያንዳንዱ ኪሎ 75 ሚሊ ሊትር ይሰጠዋል፤ 10 ኪሎ ለሆነ ሕፃን 750 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ተቅማጡ ባስቀመጠው ቁጥር፣ ከሁለት ዓመት በታች ለሆነ ከ50 እስከ 100፣ ከፍ ላለ ሕፃን ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር፣ ለአዋቂ የቻለውን ያህል ይሰጣል። ካስመለሰው አሥር ደቂቃ ቆይቶ በማንኪያ ቀስ እያሉ መቀጠል ነው። «ያስመልሰዋል» ተብሎ ፈሳሽ የተከለከለ ሕፃን ብዙ ጊዜ የሚሞተው በዚህ ምክንያት ነው። ጡት የሚጠባ ይጥባ። ለሕፃናት ዚንክ ለ10 እስከ 14 ቀን ይጨመር፤ ከስድስት ወር በላይ በቀን 20፣ ከዚያ በታች 10 ሚሊ ግራም።

አንድ ከረጢት ሰቅሎ መሄድ

ራሱን ለሳተ፣ መጠጣት ላቃተው ወይም የእጁ ትርታ ለጠፋ ታማሚ በጠቅላላው በኪሎ 100 ሚሊ ሊትር ሪንገር ላክቴት (በደም ሥር የሚሰጥ ጨው ያለበት ፈሳሽ) ያስፈልገዋል። ከአንድ ዓመት በላይ ለሆነ ሁሉ በኪሎ 30 ሚሊ ሊትር በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት፣ የቀረው 70 በሚቀጥሉት ሁለት ሰዓት ተኩል ይገባል። 50 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ በሦስት ሰዓት ውስጥ አምስት ሊትር ነው፤ አንድ ሊትር ተኩሉ በ30 ደቂቃ። በቀጭን መርፌ ጠብ ጠብ እያለ የሚወርድ ፈሳሽ እዚህ አይደርስም። ወፍራም ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚቀር ቱቦ)፣ አስፈላጊ ከሆነ በሁለቱም እጅ፣ ይደረጋል። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን 30ው በአንድ ሰዓት፣ 70ው በአምስት ሰዓት ነው።

ሪንገር ከሌለ ኖርማል ሳላይን ይሰቀል። ደክስትሮዝ ብቻውን ግን ጨው ስለሌለው ታማሚውን አይመልሰውም። ታማሚው መዋጥ እንደቻለ መርፌው እያለም ኦአርኤስ ይጀምር፤ ሪንገሩ ፖታሲየሙን በበቂ አይተካም። በምግብ እጥረት ክፉኛ የተጎዱ ሕፃናት በዚህ ፍጥነት ከተሰጣቸው ልባቸው ይጨናነቃል። የእነሱ አሰጣጥ የተለየና ቀስ ያለ ነው፤ ለኮሌራቸው የሚሰጠውም ተራው ኦአርኤስ እንጂ ሪሶማል (በምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕፃናት የሚዘጋጀው ጨው የቀነሰ ብጥብጥ) አይደለም። አንቲባዮቲክ (ለአዋቂ ዶክሲሳይክሊን 300 ሚሊ ግራም አንድ ጊዜ) የሚረዳው ከፈሳሹ ጋር ነው። ለመንደሩ ሁሉ ማደል ተሕዋሲያኑን መድኃኒት ያስለምዳል።

ክሎሪኑን በእፍኝ መጨመር፣ ልኬቱንም ሮቶው ላይ መጨረስ

ውሃ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የደፈረሰው ብዙ ክሎሪን ይበላል፣ የጠራው ጥቂት ይበቃዋል። ትክክለኛው መንገድ የባልዲ ሙከራ ነው። አንድ ልሙጥ የሾርባ ማንኪያ (15 ግራም ያህል) የኤችቲኤች ዱቄት (ብርቱ የክሎሪን ዱቄት) በአንድ ሊትር ውሃ ይሟሟል፤ ይህ የአንድ ከመቶ እናት መፍትሔ፣ ማለትም እየተቀነሰ ወደሚታከመው ውሃ የሚጨመረው ብጥብጥ ነው። ከሚታከመው ውሃ አራት ባለ 20 ሊትር ባልዲ ይሞላና 1፣ 2፣ 3 እና 4 ሚሊ ሊትር በመርፌ ሲሪንጅ ይጨመርባቸዋል። ተበጥብጦ 30 ደቂቃ ከቆየ በኋላ በፑል ቴስተር (በቀለም የክሎሪን መጠን የሚያሳይ መለኪያ) እና በዲፒዲ 1 ክኒኑ የቀረው ነፃ ክሎሪን ይለካል። ከ0.5 ሚሊ ግራም በሊትር ያላነሰውና ለእሱ የሚቀርበው ባልዲ ይመረጣል። የተመረጠው ባለ 3 ሚሊ ሊትሩ ከሆነ ለ10,000 ሊትር ቦቴ አንድ ሊትር ተኩል እናት መፍትሔ ይገባል። ዝናብ ዘንቦ ምንጩ በተለወጠ ቁጥር ሙከራው ይደገማል። ውሃው ከ5 ኤንቲዩ (የድፍርስነት መለኪያ) በላይ ከደፈረሰ በቅድሚያ በአልሙኒየም ሰልፌት ይጠለል።

ከዚህ በኋላ ያለው ነው በብዛት የሚረሳው። ከሮቶው 0.5 የወጣው ውሃ በሞቃት አገር፣ ክዳን በሌለውና ውስጡ አረንጓዴ ሽበት ባበቀለ ጀሪካን ውስጥ ካደረ ጠዋት ክሎሪኑ ዜሮ ሊሆን ይችላል። በደቡብ ሱዳን መጠለያዎች የተደረገ ጥናት ቧንቧው ላይ 1 ሚሊ ግራም ያህል እንዲደረግ የመከረው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ፑል ቴስተሩ ወደ ቤት ይግባ፤ በየቀኑ ከተለያዩ ቤቶች የሚጠጣው ውሃ ይለካ፣ 0.2 ካልሞላ መጠኑ ይጨመር። ጀሪካኖቹን በጠጠርና በክሎሪን ውሃ የማጠብ ዘመቻም ትልቅ ለውጥ ያመጣል።

በማዕከሉ ውስጥ ሦስት የክሎሪን ውሃ አለ፦ ለእጅ 0.05፣ ለወለልና ለዕቃ 0.5 ወይም በአንዳንድ መመሪያ 0.2፣ ለትውከትና ለአስከሬን 2 ከመቶ። በኤችቲኤች ሲሠራ በሊትር 0.75፣ 7.5 እና 30 ግራም ያህል ነው። ባልዲዎቹ በቀለም ካልተለዩ በሌሊት ፈረቃ መቀያየራቸው አይቀርም። በ2 ከመቶ የታጠበ እጅ ይቆስላል።

የራስን ቆሻሻ መርሳት

ሄይቲ እ.ኤ.አ. ከጥር 2010ሩ የመሬት መንቀጥቀጥ በፊት ቢያንስ ለመቶ ዓመት ኮሌራ አታውቅም ነበር። በዚያው ዓመት ጥቅምት በሚርባሌ አቅራቢያ ከነበረ የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪዎች ካምፕ የወጣ ፍሳሽ የአርቲቦኒት ወንዝ ገባር ውስጥ ገባ። ከ800,000 በላይ ሰው ታመመ፣ 10,000 ያህል ሞተ። የድርጅቱ ዋና ጸሐፊ ይቅርታ የጠየቁት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2016 ነው። እርዳታ ሰጪ ካምፕ ጉድጓዱን የት እንደቆፈረና ፍሳሹን ማን የት እንደሚደፋ በጽሑፍ ይያዝ፣ በአካልም ሄዶ ይታይ። ጉድጓድ ከውሃ ምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፣ ታቹም ከከርሰ ምድር ውሃ 1.5 ሜትር ከፍ ይበል። ታማሚው ተኝቶ እንዲጸዳዳ መሐሉ በተቀደደው አልጋ ሥር የሚቀመጠው ባልዲ ባዶውን ሳይሆን ታቹ ላይ የ2 ከመቶ ክሎሪን ውሃ ይዞ ይግባ።

ቤት ለቤት ክሎሪን መርጨት

ርጭት ሥራ የተሠራ ያስመስላል እንጂ ርጭቱ ሲደርስ ቤተሰቡ አስቀድሞ ተጋልጧል፤ ሰዎችም መኪናው እንዳይመጣባቸው ታማሚ መደበቅ ይጀምራሉ። ያው ገንዘብ ለታማሚው ቤትና ለጎረቤቶቹ ሳሙና፣ ክዳን ያለው ባልዲና የቤት ክሎሪን (እኛ አገር ውሃ አጋር ወይም አኳታብ) ቢገዛ ይሻላል።

ለቅሶን፣ ጠበልንና እርሻን ከውጭ ሆኖ መከልከል

ገናዡ የታማሚውን ሬሳ አጥቦ ለተዝካሩ ወጥ ከሠራ ወረርሽኙ ከመንደር ወደ መንደር ይሻገራል። ይህ በክልከላ አይቆምም። የእድር ዳኛውን፣ የንስሐ አባቱን፣ ኢማሙን ቀድሞ ማማከርና የሚያጥቡት ከሚያበስሉት እንዲለዩ፣ ጓንትና ክሎሪን እንዲቀርብ መስማማት ያዋጣል። ሕዝብ በሚበዛባቸው ጠበል ቦታዎችም እንዲሁ ነው፤ የደብሩ አስተዳዳሪ ሲያምኑበት የመጠጥ ውሃ ቦቴና መጸዳጃ ቤት ከበዓሉ በፊት ይገባል። የመተማና የሑመራ ሰሊጥ እርሻዎች ላይ የቀን ሠራተኛው ከኩሬ ይጠጣል። ክሎሪኑም መልእክቱም በባለእርሻውና በካቦው በኩል ካልደረሰው፣ ታሞ ወደ አገሩ ሲመለስ በሽታውን ይዞ ይገባል።

ያገኙትን መላክ

በዋሽንግተንም በቴል አቪቭም በሪያድም ያሉ ማኅበራት ልባቸው ሲነካ መድኃኒት ይሰበስባሉ። የተደባለቀና ጊዜው ሊያልፍ የተቃረበ ካርቶን የሚለይ ነርስ ይፈልጋል፤ ያቺ ነርስ ደግሞ ያን ሰዓት ታማሚ ጋ መሆን አለባት። መጀመሪያ የጎደለውን በዝርዝር መጠየቅ፣ ከተቻለ ገንዘብ መላክ ነው።

ክትባቱን እንደ መጨረሻ መፍትሔ ማየት፣ ሥራውንም ቶሎ መዝጋት

በአፍ የሚሰጠው ክትባት ጥበቃው እስኪጀምር አንድ ሳምንት ያህል ይፈጅበታል፤ በዓለም እጥረት ምክንያትም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 ለወረርሽኝ የሚሰጠው ከሁለት ዶዝ ወደ አንድ ወርዷል። ስለዚህ ገና ወዳልተያዙት አጎራባች ቀበሌዎች ቀድሞ ይድረስ፣ የውሃው ሥራም ሳይቋረጥ ይቀጥል። ታማሚ ሲቀንስ ድንኳኑን የማፍረስ ጥድፊያ አለ። ቢያንስ አራት ተከታታይ ሳምንት የተጠረጠሩት ሁሉ በላቦራቶሪ ነፃ መሆናቸው ሳይረጋገጥ ወረርሽኙ አልቋል አይባልም። ከዚያም በኋላ ወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት መጋዘን ውስጥ የኦአርኤስ፣ የሪንገርና የክሎሪን ክምችት ከነጊዜ ማብቂያው ተመዝግቦ ይቅር፤ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለም የኦአርኤስ ጣቢያዎቹ ሠራተኞች ይወቁ።