ፒቾላ ሐይቅን በጠራራ ፀሐይ እንዳትጎበኙ

ህንድ ሄዳችሁ ኡዳይፑር ከደረሳችሁ የፒቾላን ጀልባ ወደ 11 ሰዓት ግድም አቆዩት። ሐይቁ ሰው ሠራሽ ነው፤ የተገደበው እ.ኤ.አ. በ1362 ነው። ትልቁ ቤተ መንግሥት፣ ሲቲ ፓላስ፣ በምሥራቁ ዳርቻ ተዘርግቷል። ስለዚህ የማታዋ ፀሐይ ፊት ለፊት ታርፍበትና ግድግዳው ወርቅማ ይሆናል። ቀትር ላይ ከሄዳችሁ ግን ትርፉ መንደድ ነው።

ጃግ ማንዲር ደሴት ላይ ውረዱ፤ የድንጋይ ዝሆኖች በር ላይ ቆመው ይቀበሏችኋል። ውሃው መሃል ያለው ነጩ ሌክ ፓላስ ዛሬ ውድ ሆቴል ነው፤ እንዲሁ ዘው አይባልም። ከጀልባው እዩትና እለፉ።

ጀልባው ከተወደደባችሁ ከማዶ አምብራይ ጋት ደረጃ ላይ ቁጭ በሉ። እኔ እንዲያውም እሱን እመርጣለሁ። ከመስከረም በኋላ ሂዱ፤ ዝናብ ባጠረበት ዓመት በጋው ሲገፋ ውሃው ይሸሻል።