ለዋሽንግተንና አካባቢዋ አዲስ ነዋሪዎች፦ ጉብጉብ ያለው ንጣፍና ድምፅ የሚያሰማው ምሰሶ

ወደ ዋሽንግተን፣ ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ አዲስ የመጣ ሰው ስለ ባንክ፣ ስለ መንጃ ፈቃድና ስለ ቤት ኪራይ የሚመክረው አያጣም። ስለ እግረኛ መንገዱ ግን ማንም አይነግረውም። ከመካከላችን ብዙው መኪና እየነዳ የሚያድር በመሆኑ ይህን አለማወቅ ዋጋ ያስከፍላል።

የእግረኛው መንገድ ዝቅ ብሎ ከአስፋልቱ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ልብ በሉ። ትናንሽ ክብ ጉብታዎች የተደረደሩበት፣ በቀለሙም ከዙሪያው የሚለይ ንጣፍ ታያላችሁ። ጌጥ አይደለም። ለተሽከርካሪ ወንበርና ለሕፃን ጋሪ ሲባል የጠርዙ ድንጋይ ዝቅ ሲል፣ ዓይነ ስውሩ የመንገዱን ጫፍ የሚለይበት ምልክት አብሮ ጠፋ። በጫማ ወይም በነጭ በትር የሚዳሰሰው ጉብታ ያንን ተክቶ መኪና ወደሚሄድበት መድረሱን ያስታውቀዋል። በባቡር መድረክ ጠርዝም ይኸው አለ። የሚዳሰስ ንጣፍን የፈለሰፈው ሴይቺ ሚያኬ የተባለ ጃፓናዊ ሲሆን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1967 ኦካያማ ከተማ በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አጠገብ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነጠፈ።

በአንዳንድ መገናኛዎች ከትራፊክ መብራቱ ምሰሶ ያለማቋረጥ የሚሰማው ድምፅም ብልሽት አይደለም፤ ለመሻገር የሚጫኑት ቁልፍ የት እንዳለ እየጠቆመ ነው። በቁልፉ ላይ ያለው ቀስት በጣት ሲዳሰስ የማቋረጫውን አቅጣጫ ያሳያል፤ የመሻገሪያው ተራ ሲደርስም ይንቀጠቀጣል።

አሁን ወደ አሽከርካሪዎች። ነጭ በትር ለያዘ ወይም ውሻ ለሚመራው እግረኛ ቁሙ፤ ጥሩምባም አትንፉ፤ እርሱ የሚሻገረው የመኪናውን ድምፅ አዳምጦ ነው። ለአንድ ደቂቃ ብላችሁም ቢሆን ጉብታው ፊት አታቁሙ። ታክሲ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ይህን አጥብቃችሁ ያዙ፦ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990 የወጣው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ መሪ ውሻ የያዘን ተሳፋሪ አልጭንም ማለትን ይከለክላል። ውሻ እፈራለሁ ወይም አለርጂ አለብኝ ማለት ምክንያት አይሆንም፤ ስለ ውሻው ተጨማሪ ሒሳብ መጠየቅም አይቻልም። ውሻን በግቢ ጠባቂነቱ ብቻ ለምናውቅ ሰዎች ነገሩ ይከብዳል፤ ሥራን ከማጣት ግን አይከብድም። የሠለጠነ መሪ ውሻ ከባለቤቱ እግር ሥር ተኝቶ ይሄዳል። ሥራ ላይ ሳለ አትደባብሱት፣ አታብሉትም።

ክረምት ሲመጣ ደግሞ በረዶ አለ። በዋሽንግተን ከተማ በረዶው ካቆመ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ 8 የቀን ብርሃን ሰዓታት ውስጥ ከቤቱ ፊት ያለውን የእግረኛ መንገድ መጥረግ የባለቤቱ ግዴታ ነው። ስትጠርጉ ክምሩን መሻገሪያው ላይ አትከምሩት፤ ጉብታው ከተቀበረ እንደሌለ ይቆጠራል።

ስለ መርዳትም ላንሳ። የእኛ ሰው ደግ ነው፤ ዓይነ ስውር ሲያይ እጁን ይዞ ይጎትታል፣ አንዳንዱም ገንዘብ ሊሰጠው ወደ ኪሱ ይገባል። እዚህ ያ ሰው ምናልባት ወደ ቢሮው እየሄደ ነው፤ ቆሞ ብታዩትም መሻገር ፈልጎ ላይሆን ይችላል። መጀመሪያ ድምፃችሁን አሰሙና እርዳታ ይፈልግ እንደሆነ ጠይቁት። እሺ ካለ ክንዳችሁን ስጡት፤ እርሱ ይያዛችሁ እንጂ እናንተ አትያዙት። አያስፈልገኝም ካለም መንገዳችሁን ቀጥሉ።