ኤጀንቱ ኮዳችሁን አያይም፦ የቱል መግለጫ እንዴት ይጻፋል?

ኮምቦልቻ ውስጥ የእህል መጋዘን ላላቸው አንድ ነጋዴ በቴሌግራም የሚሠራ ኤጀንት (በቋንቋ ሞዴል እየታገዘ ጥያቄ ተቀብሎ ሥራ የሚፈጽም ፕሮግራም) ሠርቼላቸው ነበር። ይጠይቁታል፣ እሱ ቱል በሚባል፣ እኔ በጻፍኩለት ትንሽ ፕሮግራም አማካይነት የመጋዘኑን መዝገብ አይቶ ይመልሳል። አንድ ቀን «ጥር 5 ስንት ኩንታል ማሽላ ወጣ?» ብለው ጻፉለት። «ምንም አልወጣም» አላቸው። ዕለቱ ሰኞ ነው፣ ባቲ የሚገበየው ሰኞ ነው፣ መኪናውን ደግሞ ራሳቸው ቆመው ነው ያስጫኑት። ወዲያው ደወሉልኝ። «አብሽሩ ሐጂ፣ አሁኑኑ አየዋለሁ» ብዬ ሎጉን (ኤጀንቱ ያደረገው ሁሉ የሚመዘገብበትን ፋይል) ከፈትኩ።

ኮዱ ምንም አልሆነም። ቱሉ በትክክል ተጠርቷል። ግን የቀኑ ፓራሜትር (ቱሉ ሲጠራ የሚቀበለው ዋጋ) መግለጫ ላይ የጻፍኩት «ቀን» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነበር። ሞዴሉ ጥር 5ን ጃንዋሪ 5 አድርጎ ልኮታል። ጃንዋሪ 5፣ 2025 በእኛ ታኅሣሥ 27፣ 2017 ነው። እሑድ። መጋዘኑ ዝግ።

ከዚያ ወዲህ ለመግለጫ የምሰጠው ጊዜ ለኮዱ ከምሰጠው አይተናነስም። ምክንያቱም ሞዴሉ ቱሉን ራሱ አያስኬድም፤ የትኛውን ቱል በምን ዋጋ መጥራት እንዳለበት ጽፎ ይሰጣል፣ የሚያስኬደው የእናንተ ፕሮግራም ነው። ስለ ቱሉ በእጁ ያለው ስሙ፣ መግለጫውና የፓራሜትሮቹ ዝርዝር ብቻ ነው። በቀጥታ በፈንክሽን ኮሊንግም (የቱሎቹን ዝርዝር ከጥያቄው ጋር ለሞዴሉ በመስጠት) ሥሩ፣ የኤአይ ኩባንያው አንትሮፒክ በኅዳር 2017 ባወጣው ኤምሲፒም (ቱሎችን ከሞዴሎች ጋር በሚያገናኝ የጋራ ደንብ) ሥሩ፣ ነገሩ ያው ነው።

መጀመሪያ ስሙን አስተካክሉ። «ዳታ አምጣ» የሚል ስም ምንም አይናገርም። «በቀን የወጣ እህል ፈልግ» ይናገራል። ኮዱ ላይ በላቲን ፊደል ነው የሚጻፈው፣ ግን ደንቡ አንድ ነው፦ ምን እንደሚያደርግና በምን ላይ እንደሚያደርግ ከስሙ ይታወቅ።

ቀጥሎ መግለጫው። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ትናንት የተቀጠረ የመጋዘን ሠራተኛ አጠገባችሁ ቆሞ እንደሚሰማችሁ አድርጋችሁ ጻፉት። ልጁ ጎበዝ ነው፣ ግን የቤቱን ልማድ አያውቅም። የእኔ የድሮው «የመጋዘን መረጃ ያመጣል» ይል ነበር። አሁን እንዲህ ይላል፦

«በአንድ ቀን ከመጋዘን የወጣውን እህል ይመልሳል። ተጠቃሚው ስለወጣ፣ ስለተጫነ ወይም ስለተላከ እህል ሲጠይቅ ተጠቀምበት። አሁን መጋዘን ውስጥ ስላለው እህል ከጠየቀ ይህን ተውና የክምችት ቱሉን ጥራ። መልሱ በኩንታል ነው፤ አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ነው። ለዕለቱ ምዝገባ ከሌለ ዜሮ አይመልስም፣ ምዝገባ የለም ይላል።»

መቼ መጠቀም እንደሌለበት የሚናገረውን ዓረፍተ ነገር ብዙ ሰው ይዘለዋል። ሁለት የሚመሳሰሉ ቱሎች ካሏችሁ ግን ትልቁን ሥራ የሚሠራው እሱ ነው። ልዩነታቸውን በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃታችሁ ደግሞ ሁለቱን አንድ አድርጓቸው። የመጨረሻዋም መስመር ቀላል አትምሰላችሁ። «ምንም አልወጣም» እና «የተመዘገበ ነገር የለም» የተለያየ ነገር ነው፣ ሐጂን ያስደነገጣቸውም ይሄው ነው።

ከዚያ ፓራሜትሮቹ። እያንዳንዱ የራሱ መግለጫ ይኑረው፦ ዓይነቱ፣ መለኪያው፣ አንድ ምሳሌ፣ ግዴታ መሆን አለመሆኑ። ምርጫው የታወቀ ከሆነ ዝርዝሩን በኢነም (ከተፈቀዱ ዋጋዎች ውጭ በማይቀበል ዝርዝር) ቆልፉት። ለጤፍ ማኛ፣ ነጭ፣ ሰርገኛ፣ ቀይ ብላችሁ ከዘጋችሁ ሞዴሉ ከራሱ አምስተኛ የመፍጠር ዕድሉ በጣም ይቀንሳል።

ቀኑን በተመለከተ መጀመሪያ «ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ቀይረህ ላክ» ብዬ ጻፍኩ። አንዳንዴ ይሳካል፣ አንዳንዴ በአንድ ቀን ይስታል። ስለዚህ ተውኩት። አሁን ቱሉ ቀኑን ሰው እንደተናገረው ይቀበላል፦ ወሩ ከ13ቱ ወራት አንዱ፣ ቀኑ ቁጥር፣ ዓመቱ በእኛ። የሚቀይረው ኮዱ ነው። ሰዓትም እንደዚሁ ነው፤ «ጠዋት 3 ሰዓት» ማለት በፈረንጅ አቆጣጠር 9፡00 መሆኑን መግለጫው ካልተናገረ ሞዴሉ ሌሊት ላይ ሊወስደው ይችላል። ስሌት ለኮድ፣ መረዳት ለሞዴል።

የስህተት መልእክትም የመግለጫው አካል ነው። «ስህተት 400» ብሎ የሚመልስ ቱል ኤጀንቱን ያወዛግበዋል። «ጳጉሜን 9 የሚባል ቀን የለም፣ ተጠቃሚውን ቀኑን ጠይቅ» ቢለው ግን ቀጥሎ የሚያደርገውን ያውቃል።

የሚሰርዝ ወይም ገንዘብ የሚነካ ቱል ካላችሁ «መጀመሪያ ተጠቃሚውን አስፈቅድ» ብላችሁ ጻፉ፣ ግን በጽሑፍ ብቻ አትተማመኑ፤ ማረጋገጫውን ኮዱ ላይም አስገቡት። አደራ።

ርዝመቱስ? መግለጫ ለሞዴሉ ጥያቄ በተላከ ቁጥር አብሮ ስለሚሄድ ያስከፍላል፣ አማርኛ ደግሞ ከእንግሊዝኛ ይልቅ ብዙ ቶክን (ሞዴሉ ጽሑፍን የሚከፋፍልበትና ክፍያው የሚቆጠርበት ቁራጭ) ይበላል። እኔ ረጅሙን መግለጫ በእንግሊዝኛ እጽፍና ሰዎቹ የሚሉትን ቃል በአማርኛ እተወዋለሁ። «ተጫነ»፣ «ወጣ»፣ «ሰርገኛ» ሲተረጎሙ ይጠፋሉ።

በመጨረሻ ፈትኑት። ከራሳችሁ ጥያቄ አታውጡ። የሠራችሁትን ስለምታውቁ ለቱሉ የሚመቸውን ትጠይቃላችሁ። የተጠቃሚውን እውነተኛ መልእክቶች ሰብስቡ፤ እኔ ከሐጂ ቴሌግራም 20 ያህል በፈቃዳቸው ወሰድኩ፣ «ትናንት የጫነው ልጅ ስንት አለ?» የሚል ሁሉ አለበት። ለእያንዳንዱ የትኛው ቱል በምን ዋጋ መጠራት እንዳለበት ጎኑ ላይ ጻፉና ከሎጉ ጋር አስተያዩ። የተሳሳተ ሲገኝ ኮዱን ከመንካታችሁ በፊት መግለጫውን አንብቡ። አንድ ቃል ከቀየራችሁም ሁሉንም ጥያቄ እንደገና አስኬዱ፤ አንዱን ያስተካከለ ቃል ሌላውን ሲያበላሽ ደጋግሜ አይቻለሁ።