የ75ን ማባዣ በቃላችሁ ያዙ

ጣና ዳር ተቀምጣችሁ የእንግሊዙን የቴሌቪዥን የቁጥርና የቃላት ውድድር «ካውንትዳውን» በስልክ እያያችሁ ለምትፎካከሩ የባሕር ዳር ልጆች፦ የቁጥሩን ዙር አትናቁት። ስድስት ቁጥር ይሰጣችኋል። በ30 ሰከንድ ውስጥ እየደመራችሁ፣ እየቀነሳችሁ፣ እያባዛችሁና እያካፈላችሁ ባለ ሦስት አሃዝ ኢላማ ላይ መድረስ ነው።

ትልልቆቹ ቁጥሮች 25፣ 50፣ 75 እና 100 ናቸው። የ25ን፣ የ50ንና የ100ን ማባዣ ብዙ ሰው ያውቀዋል። የሚያደናቅፈው 75 ነው። 150፣ 225፣ 300፣ 375፣ 450፣ 525፣ 600፣ 675... ባጃጅ ውስጥ ሆናችሁም ቢሆን ደጋግማችሁ በሉት። እውነቴን ነው፣ ከዚህ የተሻለ ልምምድ የለም።

ኢላማው 637 ነው እንበል። ቁጥሮቹ ደግሞ 75፣ 25፣ 8፣ 4፣ 3 እና 1። 8 በ75 ሲባዛ 600። 25 ጨምሩ፣ 625 ሆነ። የቀረው 12 ነው፤ 4 በ3 ማለት ነው። አለቀ! 1ን አልነካናትም፤ ሁሉንም መጠቀም ግዴታ አይደለም። አንዱን ቁጥር ሁለቴ መጠቀም ግን ክልክል ነው።

ልክ ካልመጣላችሁ እጅ አትስጡ። ኢላማውን የመታ 10 ነጥብ ያገኛል። በ5 ውስጥ የቀረበ 7፣ በ10 ውስጥ የቀረበ 5፣ ተጋጣሚው ካልበለጠው። ስለዚህ መጀመሪያ ቀረብ ያለ መልስ ጻፉ፤ ማስተካከሉ በተረፈው ሰከንድ ይደርሳል።

ከተሰጧችሁ ፊደላት ረጅም ቃል በምትሠሩበት የቃላት ዙር ደግሞ ፊደላቱን በመስመር ሳይሆን በክብ ጻፏቸው። የተደበቀው ቃል ቶሎ ዓይን ውስጥ ይገባል።